አርባ አንድ ሺህ ሰው ያነበባቸው ደብዳቤዎች

ጥቅምት 4

ይድረስ ለችኩሉ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። የሰው አሳንሰር እየፈተሽኩ የምኖር ሴት እናቴን አሳንሰር በሌለው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጤ የጎረቤት ሁሉ መሳቂያ ሆኗል።

ሐሳብህን አንብቤው እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አንብቤዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በፊት ግን ይቅርታ። ስልክህን ያላነሳሁት ተኳርፈን አይደለም። ሐሳብ ያቀረበ ሰውና ያንን ሐሳብ ማገድ የሚችል ጠባቂ ዘመዳሞች ከሆኑ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ መገናኘት የሚችሉት በደብዳቤ ብቻ ነው፤ ደብዳቤውም ሁሉም ሰው በሚያየው መዝገብ ላይ ይለጠፋል። አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ አንተም እኔም ማንም አይፍቀውም። ስለዚህ ይህን አርባ አንድ ሺህ ሰው ያነበዋል። ጤና ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ወንድሜ በልጅነቱ ሾርባ እስኪበርድለት መጠበቅ አቅቶት በየቀኑ ምላሱን የሚያቃጥል ልጅ ነበር። ችኩሉ የተባለውም ያኔ ነው።

በዚህ ሳምንት ሁለት መቶ አዲስ አባላት ስለገቡ ደግሞ፣ አንተ የምታውቀውን ለእነሱ ልድገመው። የእኛ ማኅበር ደማቸው ከብዙ ሰው ደም ጋር የማይገጥም ሰዎች ማኅበር ነው። አንዱ ሲታመም ደሙን ሊሰጠው የሚችለው ሰው ምናልባት ባሕር ማዶ ነው። ማኅበሩ ባለቤት የለውም፤ ሊቀመንበርም ቢሮም የለውም። ማን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ደንብ የተጻፈው ብሎክቼይን በሚባለው የጋራ መዝገብ ላይ ነው፤ ቅጂው በእያንዳንዳችን ቤት አለ። ደንቡን መለወጥ የሚችለው የአባላት ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ካለፈ በኋላ ሐሳቡ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ከአምስታችን ጠባቂዎች ሦስቱ ቁልፋችንን ከተጠቀምን ሐሳቡ ይታገዳል፤ ቬቶ የሚባለው ይኸው ነው። እኛን ጠባቂዎቹን ደግሞ አባላት በሰባት ቀን ድምፅ ያወርዱናል። ያንን ድምፅ ግን የትኛውም ቁልፍ አያግደውም።

አሥራ ሁለት ዓመት አባል ሆኜ አሁንም ይገርመኛል። ተያይተው የማያውቁ፣ ቋንቋ እንኳ የማይግባቡ ሰዎች አዛዥ ሳይኖራቸው በሰዓቱ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ።

ስለ ልጅህ፣ ስለ ሚጢጢ፣ አልጠይቅህም። ጠባቂ የሆነ ሰው ስለ ዘመዱ ሕመም እንዳይሰማ ደንቡ ይከለክላል። ሐሳብህን በምታስገባበት ዋዜማ «ልቧ ላይ ሐኪሞቹ የሆነ ድምፅ ሰሙ» ብለኸኝ መስመሩ ተቋረጠ። የማውቀው እስከዚያ ድረስ ነው። እንዳትነግረኝ።

እህትህ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከልብ ነው። እማዬን ሳሚልኝ። የሾርባውን ነገር ለአርባ አንድ ሺህ ሰው በመንገርሽ ደግሞ እግዜር ይስጥሽ፤ ዛሬ አንድ የማላውቀው ሰው ከየት እንደሆነ እንጃ «ቀስ ብለህ ጠጣ» ብሎ ጽፎልኛል።

ሐሳቡን ማን አጻፈው ለሚሉ ሁሉ፣ በሕይወት ያለ ማንም አላጻፈኝም። ያስጻፈኝ አንድ ግንበኛ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ እዚያም ቤት ልጆች አሉ። አምና ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወደምሠራበት ሆስፒታል መጣ። ደሙን መርምሬ የእኛው ዓይነት መሆኑን ሳይ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም፤ ምክንያቱም ከወንበሬ አጠገብ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ልክ የእሱ ዓይነት ሁለት ከረጢት ነበረኝ። ያ ማቀዝቀዣ ግን የሚከፈተው መዝገቡ ሲፈቅድ ነው። ከረጢቶቹን ከአሥር ቀን በኋላ ቀዶ ጥገና ያለው ሌላ ሰው አስይዟቸዋል። ደንቡ ደግሞ የተያዘ ደም አይነካም ይላል። ደንብ ይለወጥልኝ ብዬ አመለከትኩ። «ሃያ አንድ ቀን ጠብቅ» የሚል መልስ መጣ። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፈ። እጄ ማቀዝቀዣው እጀታ ላይ ነበር፣ እትዬ።

ከዚያ በኋላ ነው የጻፍኩት። አስቸኳይ ሁኔታ ሲመጣ አምስቱ ጠባቂዎች ያለ ድምፅና ያለ ቆይታ ተራውን ይቀይሩ፣ የተያዘውንም ይልቀቁ። ይኸው ነው።

ድምፁ ሲገባ ሥራ ቦታ ሆኜ ስከታተል ነበር። ከመቶ ዘጠና ሦስት እጁ ተስማማ። የዓሣ አጥማጅ ድምፅ አለበት፤ የፒያኖ ቃኚ አለበት፤ ከሆስፒታል አልጋ ላይ የገባም አለ። አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በተማሪ ደብተር ላይ የሞነጫጨረው ነገር ይህን ሁሉ ሰው ሲያስነሳ አየሁና ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ ነው የጨረስኩት።

ሁለት ቁልፎች እንዳገዱት መዝገቡ ላይ አይቻለሁ። ሦስተኛዋ አንቺ እንዳትሆኚ እለምንሻለሁ። ይህን በሰው ሁሉ ፊት መለመኔ አያሳፍረኝም።

ስላልጠየቅሽኝ ነገር ምንም አልነግርሽም።

ወንድምሽ

ጥቅምት 14

ይድረስ ለወንድሜ፣

ስለ ግንበኛው ይህን ሁሉ ጊዜ አልነገርከኝም። እንዲህ ያለ ነገር ብቻህን ተሸክመህ መቆየትህ አሳዝኖኛል። ደብዳቤህን ለእማዬ ሳነብላት መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች።

ቁልፎቹን የተጠቀሙት የጥርስ ሐኪሙና ጡረታ የወጣችው ካርታ ሠሪ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ሐሳብህን እንደሚደግፉ በይፋ ጽፈዋል። ስለዚህ በእኔ ላይ ቆሟል፤ ቀኑም አሥር ነው የቀረው። «ምኑ ላይ ነው ቅር ያለሽ?» ልትለኝ ነው፤ ልመልስ።

አራተኛው መስመር ላይ ነው። «አስቸኳይ ሁኔታው እስኪያበቃ ሌላ ማንኛውም ድምፅ ይቆይ» ብለሃል። ለምን እንደጻፍከው ይገባኛል፤ በግርግር መሀል ድምፅ እንዳይደራረብ ነው። ግን ረጋ ብለህ አንብበው። አስቸኳይ ሁኔታ መጣ የሚለው ማን ነው? ጠባቂዎቹ። አበቃ የሚለውስ? እነሱው። እስኪያበቃ ድረስ ጠባቂዎቹን ማውረድ ይቻላል? አይቻልም፤ ማውረድም ድምፅ ነውና። እንግዲህ አምስታችን አንድ ቀን ጠዋት ተነስተን «አስቸኳይ ነው» ብለን ዝም ብንል፣ እስክንሞት ድረስ የአርባ አንድ ሺህ ሰው ደም በእጃችን ነው። ይህን የምልህ እኔ ነኝ። ሥልጣኑን ልትሰጥ የፈለግከው ለእኔ ነው፣ የኔ ቂል።

አሳንሰር ውስጥ ፍሬኑን የሚያስይዘው ኤሌክትሪክ ይመስላችኋል። አይደለም፤ ኤሌክትሪክ የሚለቀው ነው። መብራት ሲሄድ ፍሬኑ በራሱ ይነክሳል፤ ማንም ሰው «ያዝ» እንዲለው አይጠብቅም። ሰው ሲያዘው ብቻ የሚይዝ ፍሬን ያለው አሳንሰር ቢያቀርቡልኝ፣ አዛዡ እናቴ ብትሆንም አልፈርምለትም።

ሐሳቡን አንሳውና «ጠባቂዎችን ከማውረድ በቀር» የሚሉ ሦስት ቃላት ጨምረህ መልሰህ አስገባው። የመጀመሪያዋ ደጋፊ እኔ ነኝ። ሁለት ወር ይፈጃል፣ አውቃለሁ።

ደብዳቤያችንን የሚከታተለው ሰው እየበዛ መጥቷል። በሥራ ቦታዬ የማላውቃት ጽዳት ሠራተኛ ደረጃ ላይ አስቁማኝ «አንቺ ነሽ የወንድምሽን ነገር የያዝሽው?» አለችኝ። እሷም አባል ናት ለካ።

እህትህ

ጥቅምት 18

ይድረስ ለእህቴ፣

ሁለት ወር የለኝም። ለምን እንደሌለኝ ልጽፍ ጀምሬ እጄን ሰበሰብኩ፤ የማይፋቅ መዝገብ ነው። «ለራሱ ጥቅም ነው» የሚሉ ተነስተዋል። ሐሳቤ ቢያልፍ የማጣው እንጂ የማገኘው ነገር እንደሌለ አንድ ቀን ታውቂያለሽ። እነሱም ያን ቀን ያፍራሉ።

አራተኛውን መስመር አነበብኩት። ልክ ነሽ፣ ተቻኩያለሁ። ግን ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው? የጥርስ ሐኪሙ? ካርታ ሠሪዋ? አንቺ? ሊሆን ለሚችል ክፋት ስትጠነቀቂ ሌላ ግንበኛ ይሞታል። አንቺ አሳንሰር ነው የምታይው፤ እኔ ሰው ነው የማየው።

ካገድሽው እንድትወርጂ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ይህን በአደባባይ እየነገርኩሽ ነው፤ ኋላ «ከጀርባዬ ሠራው» እንዳትይ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ጥቅምት 24

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰምተሃል። ዛሬ ረፋድ ላይ አገድኩት።

እንዴት አድርጌ እንዳገድኩት ሰው ሁሉ እየጠየቀኝ ነው፤ ይኸው ለሁሉም። የምሠራበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ባለው የሞተር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ትልቁ መዘውር እየዞረ፣ ገመዱ እየወረደና እየወጣ፣ ከሥሬ ሰዎች የሚሄዱበት ይሄዳሉ። ቁልፏን ከአንገቴ አወጣሁ። የአውራ ጣት የምታክል መሣሪያ ናት። ስልኬ ላይ አስጠግቼ ተጫንኳት። ድምፅ የላትም፤ ብልጭ እንኳ አትልም። መዝገቡን ስከፍተው «ሦስት ከአምስት፣ ታግዷል» ይላል።

የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰው ያለው ነገር አንዲት የአሳንሰር ፈታሽ በጣቷ አስቆመችው። እንዲህ ያለ ኃይል በሕይወቴ ነክቼ አላውቅም፤ ሁለተኛም መንካት አልፈልግም። በጣም ፈራሁ። የፈራሁት ያጠፋሁ መስሎኝ አይደለም። ይህ ነገር ለማንም ሰው ያለ ገደብ ሊሰጥ እንደማይገባ ገብቶኝ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት።

እንድወርድ እጠይቃለሁ ብለሃል። መንገዱ ይኸውልህ። መዝገቡን ክፈት፤ «ጠባቂዎች» የሚለውን ግባ፤ ቁጥሬ ሦስት ነው፤ ምክንያትህን ጻፍ። ደንቡ ምክንያቱ ጥሩ ይሁን አይልም፤ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ብቻ ነው የሚለው። ሰባት ቀን ነው። እኔም ማገድ አልችልም፤ ሌሎቹ ጠባቂዎችም አይችሉም።

ያልጠየቅኩህ ነገር አለ። ሌት ተቀን አልጠይቅህም።

እህትህ

ኅዳር 2

ይድረስ ለእትዬ፣

ውጤቱ ወጥቷል። በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ ወርደሻል። ከአርባ አንድ ሺህ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ።

«አንተ ምን መረጥክ?» ብለሽ በጠየቅሽበት አጭር ወረቀት ላይ ቁጣ አላየሁበትም፤ ስለዚህ እውነቱን ልንገርሽ። ማመልከቻውን ያስገባሁት ባገድሽ ማግስት ነው፤ ንዴት ነበር። ምክንያት ብዬ የጻፍኩትን አሁን ሳነበው አፍራለሁ፤ የማይፋቅ ሆኖ ቀረ እንጂ። ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ድምፅ ሳልሰጥ ቆየሁ። በእነዚያ ቀናት እዚህ የሆነ ነገር ሆኗል፤ አልጽፈውም፤ ቁልፏን እስክታስረክቢ ድረስ ገና ጠባቂ ነሽ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ የላቦራቶሪው ወንበር ላይ ሆኜ ገጹን ከፈትኩት። «ቁጥር ሦስት ትውረድ ወይስ ትቆይ?» ይላል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሐሳቤ አልፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ገጽ ባልኖረ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ አስቸኳይ ጥያቄ ገብቶ ስለነበር ድምፅ መስጫው ሁሉ ይዘጋ ነበር። እኔ፣ ሐሳቡን የጻፍኩት ሰው፣ የገዛ እህቴን ማውረድ አልችልም ነበር። እንዳወርድሽ በሩን ከፍተሽ የያዝሽልኝ አንቺው ነሽ። ሥልጣን የተሰጠው ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። 

ትውረድ አልኩ። ጠባቂነትሽን ጠልቼ አይደለም፤ ከአንቺ የተሻለ ጠባቂ አይመጣም። ያልጠየቅሽኝን እንድትጠይቂኝ ፈልጌ ነው። ጠባቂ ከሚኖረኝ እህቴ ብትኖረኝ ይሻለኛል። ይህንንም አርባ አንድ ሺህ ሰው ያንብበው።

ወንድምሽ

ኅዳር 6

የኔ ወንድም፣

ይህ ደብዳቤ መዝገቡ ላይ አይለጠፍም። ፖስታ ውስጥ ነው ያለው፤ የሚከፍተውም አንተ ብቻ ነህ። ትናንት ቁልፏን አስረከብኩ። የተረከበችኝ ወጣት የትምህርት ቤት ሾፌር ናት። መፍራቷን አየሁና ደስ አለኝ።

ስልክ ልደውል አነሳሁና ተውኩት። በስልክ ትቸኩላለህ፤ ግማሹን ትዘለዋለህ። አንድ ወር ሙሉ ሰው ፊት ስንዘባርቅ ከርመን አሁን ብቻችንን ነን። እማዬ ስትጠይቀኝ «ደህና ናት» እያልኩ፣ የማላውቀውን እየነገርኳት ነው የከረምኩት። ወንድም ዓለሜ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዝምታ ዝም ብዬ አላውቅም።

ሚጢጢ እንዴት ናት? ከመጀመሪያው ጀምርና ንገረኝ። ክፉም ቢሆን ከአንተ ልስማው።

እትዬ

ኅዳር 11

እትዬ፣

አለች። ከዚህ ልጀምር ብዬ ነው፣ እስከ ታች በጭንቀት እንዳታነቢው። ትናንት ሾርባ ጠጥታ ምላሷን አቃጥላለች፤ በማን እንደወጣች ታውቂያለሽ።

ልቧ ውስጥ ቀዳዳ ነበረባት፤ የቀዶ ጥገናው ቀን ለጥቅምት 29 ተቆረጠ። ደሟ የእኛው ነው። ሦስት ከረጢት አስያዝንላት፤ ከሁለት አገር ነው የመጣው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከወንበሬ አጠገብ ተቀመጠ። ገብቶሻል? ሐሳቤ ቢያልፍ ጠባቂዎቹ መልቀቅ የሚችሉት የተያዘ ደም ውስጥ የልጄ ደም ነበረበት። ይህን እያወቅኩ ነው ያስገባሁት። ለግንበኛው ስለማልኩ ወደ ኋላ ማለት አልቻልኩም። «ሁለት ወር የለኝም» ያልኩሽም፣ የእሷ ቀዶ ጥገና ካለፈ በኋላ ባስገባው የሌላውን ደም ብቻ ማስለቀቅ ስለሚሆንብኝ ነው። አንቺ ስታግጂ ደግሞ ሰው ነግሮሽ ለሚጢጢ አድልተሽ መሰለኝና ያበድኩት ለዚያ ነው። ጭራሽ ሳታውቂ ነው ለካ ደሟን ያዳንሽላት።

በዋዜማው፣ ጥቅምት 28፣ አስቸኳይ ጥያቄ ገባ። አንዲት ሴት በወሊድ ደም እየፈሰሳት ነው፤ በመኪና ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ሆስፒታል ውስጥ ናት፤ አንድ ከረጢት ከተገኘ ትተርፋለች ይላል። በዚያ ሁሉ አገር ያለው ደም የሚጢጢ ብቻ ነበር። የሚያዘኝ ጠባቂ የለም፤ አንቺ አግደሽዋል። ስልኬን ስከፍት በስሟ የተያዘበት ገጽ ግርጌ ላይ አንድ ትንሽ ቃል አየሁ፦ «ልቀቅ»። ያስያዘው ሰው ከፈለገ ራሱ መልቀቅ ይችላል። ከመጀመሪያውም ነበረ። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም።

ቀዶ ሐኪሟን ጠየቅኳት። «በሁለት እሞክራለሁ፤ በሦስት ግን ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። የሚጢጢን እናት ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ልቀቀው፤ ግን እኔ ሳላይ» አለች። ወደ ላቦራቶሪው ሄጄ ተጫንኩት። ማቀዝቀዣው በራሱ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። በሕይወቴ የሰማሁት ትልቁ ድምፅ እሱ ነው።

ለሚጢጢ ሁለቱ ከረጢት በቃት። የሴትየዋን ስም አላውቅም። ጥያቄዋ ሥር «እናትም ልጅም ወደ ቤት ገብተዋል» የሚል ተጽፏል። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፣ ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ። አምና ያን ሁለት ከረጢት ያስያዘው ሰው ገጽ ላይም ያው ቃል ነበር። በቁጥሩ መልእክት ብንልክለት ኖሮ አንድ ደቂቃ ይበቃን ነበር። እኔ ደንብ ይለወጥ ብዬ ስጽፍ ዋልኩ፤ ሰውየውን ግን ማንም አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅኩትም።

አዲስ ሐሳብ አስገብቻለሁ። ጠባቂ የለበትም፣ አስቸኳይ የሚልም የለበትም። አንድ መስመር ናት፤ እንደ ፈታሽ አይተሽ ንገሪኝ፦ «ከሁሉ በፊት ያስያዘው ሰው ይጠየቅ።»

ወንድምሽ